እራፊ በእራፊ ላይ፦ የሐይቅና የአምባሰል ድሪቶ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያቀና አገሩ ቶሎ ቶሎ መልኩን ይለውጣል። በስተምሥራቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተኛው ሐይቅ ይታያል። በስተምዕራብ የአምባሰል ተራሮች ይነሳሉ፤ ከነሱም ጋር የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ አለ። ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል የሚወጣ ምእመን ከስንቁ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ጋቢው ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሌሊት ልብስ ከእህል ቀጥሎ የሚታሰብ የቤት ጉዳይ ነው፤ ሰዉም ፋብሪካ ሳይመጣለት ለብዙ ዘመን በእጁ ሲወጣው ኖሯል።

በወሎ ቤት ብርድን የሚከላከሉ ሦስት የእጅ ሥራዎች አሉ፦ ጋቢ፣ ባና እና ድሪቶ። ጋቢ ይከበራል፤ ለአባት ይሸለማል፣ ለሙሽራ ይሰጣል፣ ለቅሶ ቤትም ተለብሶ ይኬዳል። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባናም የደጋው ሰው መመኪያ ነው። ድሪቶ ግን እንግዳ ሲመጣ ተጠቅልሎ ጓዳ ይገባል። ይህ ንግግር የሚያነሣው ያንን ጓዳ የሚገባውን ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው እሱ ነው። ጋቢ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ያውቃል። ድሪቶ የምትሰፋ ሴት ግን እጇ የገባውን ጨርቅ አይታ፣ መዝና፣ ለየብቻ ያረጁትን አንድ ላይ እንዲኖሩ ታደርጋለች።

ነገሩን ከጋቢ መጀመር ይገባል፤ ድሪቶ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ካረጀ ጋቢ ነውና። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይለያል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይወጣዋል። ከዚያ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል። ዛሬ ድሩ ባመዛኙ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ በእጅ የተፈተለ ከሆነ ግን ልብሱ ይሞላል፣ ይለሰልሳልም። ነጠላ ስስ ነው፣ ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ።

አራት ድርብ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በድርብና በድርብ መካከል የታሰረው አየር የሰውነትን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ያንኑ ያህል ጥጥ የፈጀ አንድ ወፍራም ጨርቅ እንደ አራት ስስ ጨርቆች አያሞቅም። የድሪቶ ሰፊዎች ይህን በትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ የሚሠሩት ግን በትክክል በዚሁ ሕግ ነው።

ጋቢ ዕድሜ አለው። አዲስ ሳለ ለገበያና ለበዓል ይለበሳል። ሲያድፍ ሲታጠብ፣ ሲያድፍ ሲታጠብ ይሳሳና የቤት ልብስ ይሆናል። ከዚያ ለልጆች ይወርዳል። በመጨረሻ የሚበጣጠሰው እጥፋቱና ትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍል ነው፤ መሐሉ ግን ጤነኛ ሆኖ ይቆያል። ያ ጤነኛ መሐል ነው የድሪቶው መሠረት የሚሆነው።

የድሪቶ ሥራ መርፌ ከመነሳቱ በፊት ይጀምራል። ያለው ጨርቅ ሁሉ ይዘረገፋል፦ ያለቀ ቀሚስ፣ የወንድ ሱሪ፣ የልጅ ሹራብ፣ የተቀደደ አንሶላ፣ ከልብስ ሰፊው መኪና ሥር የተለቀመ ቁርጥራጭ። ብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ለውስጥ ይሄዳል፣ ያልሳሳው ለላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ እጥበት ነው። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተር ግን እንዳለ ይቀራል። ሁለቱ ሳይታጠቡ ጎን ለጎን ከተሰፉ ድሪቶው ገና አንዴ እንደታጠበ ይኮማተራል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ስፌቱም ይበጠሳል። ጂንስና ካኪ ጠንካሮች ናቸውና እግር የሚረግጠውና እጅ የሚጎትተው ዳር ላይ ይውላሉ። ለፊት የሚቀርበው ራስጌ ለስላሳ ጨርቅ ይመረጥለታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ያለ ንድፍ ወረቀት፣ መሬት ላይ በተዘረጋ አሮጌ ጋቢ ዙሪያ ነው።

ስፌቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ቀዳዳ ላይ እራፊ አስቀምጦ ዙሪያውን መስፋት መጣፍ ነው፤ ከሁሉም የተለመደው ይኸው ነው። ሌላው እራፊዎቹን ጠርዝ ለጠርዝ ገጣጥሞ አንድ ሰፊ ጨርቅ ማውጣት ሲሆን ከዚህ በኋላ የተገጣጠመው ጨርቅ በአሮጌው ጋቢ ላይ ይደረባል። ከሁለቱም የሚከብደው መጥቀሙ ነው። ድርቦቹ እንዳይንሸራተቱ ከላይ እስከ ታች በትልቅ መርፌና በተገመደ ፈትል ይወጋሉ፣ መስመሩም ተቀራርቦ ይሄዳል። ሥራው ከመሐል ተነስቶ ወደ ዳር ነው የሚሄደው፤ ከዳር ከተጀመረ የተረፈው ጨርቅ መሐል ላይ ይከማችና ጉብ ይላል። መስመሮቹ በጣም ከተራራቁ በእጥበት ጊዜ የውስጡ ጨርቅ ተንዶ አንድ ቦታ ይቋጠራል፤ በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ በድርቦቹ መካከል የሚታሰረው አየር ይቀንሳል፣ ድሪቶውም ይደርቃል፣ ይከብዳልም። መካከሉን የምታውቅ እጅ ብዙ ድሪቶ የሰፋች እጅ ናት። በመጨረሻ ዳርና ዳሩ ይዘመዘማል።

አምባሰል ስሙን ከአገሪቱ ቅኝቶች ለአንዱ ሰጥቷል። በአምስት ድምፅ የተወሰነው ያ ቅኝት ከአንጎራጓሪው ወደ አንጎራጓሪው ሌላ ዜማ እየሆነ እንደሚወጣ፣ ድሪቶም በሦስት አራት ዓይነት እራፊ ተወስኖ ከቤት ወደ ቤት ሌላ መልክ ይይዛል። አንዷ ጨለማውን ጨርቅ ዳር ታደርግና መሐሉን በቀይና በቢጫ ታበራዋለች። ሌላዋ ሰማያዊውን በየርቀቱ እየበተነች ዓይን እንዳያርፍ ታደርጋለች። ድሃ ስለሆነች ብቻ ጨርቅ ያጋጠመች ሴት ለቀለሙ አትጨነቅም ይባል ይሆናል። ግን ድሪቶውን ዘርግቶ ያየ ሰው ቀዩ እራፊ ሁለት ቦታ በትክክል ፊት ለፊት መቀመጡን ሲያይ ሐሳቡን መለወጡ አይቀርም።

ስለ ባናም አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። በወሎ ደጋዎችና በመንዝ የበግ ጠጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦና ተነድፎ ይፈተላል፤ ሸማኔውም ወፍራም አድርጎ ይሠራዋል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ቀለም የበጎቹ የራሳቸው ነው። ባና እንደ ጋቢ ቶሎ አይሳሳም፤ ሲያረጅ ግን እሱም ተቆርጦ ለድሪቶ ውስጥ ይሆናል፤ ውስጡ ጠጉር የሆነ ድሪቶም ከሁሉ ይልቅ ያሞቃል።

የድሪቶ እራፊዎች ያገሩን የንግድ ታሪክ ይዘዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገበያውን ያጥለቀለቀው አቡጀዲ በመጀመሪያ ከአሜሪካ የሚመጣ ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ግን የጃፓኑ አቡጀዲ በርካሽነቱ የአሜሪካኑን አስለቀቀ። ከዚያ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ጨርቅ መጣ፤ ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ኮምቦልቻ ላይም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ በደረሱት የረሃብ ዓመታት የእርዳታ ብርድ ልብስና የእህል ከረጢት በየቤቱ ገባ፤ ሲያልቁም ተቀደው ለሌላ ሥራ ዋሉ። ዛሬ ደግሞ ሰልባጅ አለ። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም በየገበያው ቦንዳው ይፈታል፣ ሹራቡና ሱሪው በየቤቱ ያልቅና በመጨረሻ እራፊ ይሆናል። የአንድ አሮጌ ድሪቶ ድርቦችን ከላይ ወደ ታች የሚገልጥ ሰው የሦስት ትውልድ የገበያ ዕቃ ያገኛል።

ከገበያው ይልቅ የቤተሰቡ ታሪክ ግን ይበልጣል። እራፊው የማን እንደነበረ የሰፋችው ታውቃለች። ነጠላ ሲያልቅ ጥለቱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ያ ጥለት ተቆርጦ ድሪቶው ላይ ሲገባ የተለበሰበት የሠርግ ቀን አብሮ ይገባል። ያደገ ልጅ ቀሚስ፣ የሞተ ባል ሸሚዝ፣ የእናት መቀነት ሁሉ እዚያ ላይ ቦታ አላቸው። ጨርቁ ለማኝ ሊሰጥ ወይም መወልወያ ሊሆን ይችል ነበር፤ የሰፋችው ግን ልትሸፈንበት መረጠች።

ይህ የሰው ልጅ ጠባይ ለመሆኑ ምስክሩ ከሩቅ አገርም ይመጣል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ በወንዝ ጥምዝ የተከበበች ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች የዚያ መንደር ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ድርብ ልብስ ሰፋች። ልጇ አርሎንዚያ በኋላ እንደተናገረችው እናቷ ይህን ያደረገችው እሱን ለማስታወስና በፍቅሩ ተሸፍና ለመተኛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጊስ ቤንድ ሴቶች ሥራዎች በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ቀረቡ፤ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ላይ በዊትኒ ሙዚየም ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር አወጣቸው። ለዘመናት ከብርድ መጠበቂያ ብቻ የነበረው እራፊ የአገሪቱ የሥነ ጥበብ ታሪክ ክፍል ሆነ። የአምባሰል ድሪቶ ከነዚህ የሚያንስበት ምክንያት የለም። የጎደለው ተመልካች ነው።

የቤንጋል ሴቶች ካንታ የሚሉት ሥራም ለኛ ቅርብ ነው። ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በቀጭን መስመር ይጠቅሟቸዋል፤ የሚጠቅሙበትን ባለቀለም ክር ከዚያው ከአሮጌው ሳሪ ጥለት ላይ ይመዙታል። ጥለት ከልብሱ በኋላ መኖሩን ሁለቱም አገሮች ተጠቅመውበታል።

በወሎ የተጣፈ ልብስ ሌላም ፊት አለው። ባሕታዊ ዓለምን መናቁን በድሪቶ ያሳያል፤ በሱፊዎች ዘንድም የተጣፈ መጎናጸፊያ የዛሂድ፣ ማለትም የመናኝ፣ ልብስ ነው። ክርስትናና እስልምና ጎን ለጎን በኖሩበት በዚህ አገር የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ይህን ምልክት ያነባል። በጎረቤት ሱዳን ደግሞ የሃይማኖትና የጦር መሪ የነበረው ማህዲ ተከታዮቹ ጂባ የሚባለውን የተጣፈ ቀሚስ እንዲለብሱ አዘዘ። መጀመሪያ እራፊው እውነተኛ ቀዳዳ የሚደፍን ነበር፤ ቆይቶ ግን በልክ ተቆርጦ ግራና ቀኝ እኩል የሚሰፋ ጌጥ፣ የጦር ሠራዊትም መለያ ሆነ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁት ይህን ጂባ ከለበሰ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉት ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ነበር። ተማሪው ስለ ውጫሌ 17ኛ አንቀጽ ይማራል፤ የመተማን ታሪክ ሲማርም የተጣፈው ልብስ ምን ይል እንደነበር ቢነገረው መልካም ነው።

እራፊ በክብር የተቀመጠበት ቦታም አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ትልቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ነበር። በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ላይ የእንጨቱ ገበታ በቆዳ ሲለበጥ በውስጥ በኩል መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ደጓሹ ብዙ ጊዜ ያንን ቦታ በቁራጭ ጨርቅ ይሞላዋል። ቁራጩ የሕንድ ቺት፣ የሐር ወይም ወርቀ ዘቦ ሊሆን ይችላል። የቶሮንቶው ተመራማሪ ማይክል ገርቨርስ እንደነዚህ ያሉትን ጨርቆች እየተከታተሉ ከየት አገር በየትኛው የንግድ መንገድ እንደመጡ አጥንተዋል። በአንድ በኩል እራፊ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ይቀመጣል፣ በሌላ በኩል እራፊ ጓዳ ይደበቃል። የጨርቁ ሥራ ግን አንድ ነው። ለጥምቀት የሚወጣው ድባብም ቢሆን በከፋይ ላይ ሌላ ጨርቅ ተቆርጦ እየተሰፋበት፣ በወርቃማ ክር እየተጠለፈ የሚሠራ ነው፤ ይህንንም የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ወንድ ሲጥፍ ጥበብ፣ ሴት ስትጥፍ ችግር መባሉ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በከተማ ያደጉ እናቶች ሌላ መንገድ ያውቃሉ። በእነሱ ዘመን ለትዳር የደረሰች ልጅ የትራስ ልብስና የአልጋ ልብስ ትጠልፍ፣ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራ ነበር፤ «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትራስ ያላየ የዚያ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአለርት ሆስፒታል የእጅ ሥራ ክፍል በጥልፍ ሥራው ለረጅም ጊዜ ይታወቃል። የቤተ እስራኤል ሴቶችም በጎንደርና በአዲስ አበባ የገጠሩን ኑሮ በጨርቅ ላይ ጠልፈው አሳይተዋል። እነዚህ ሥራዎች በምስል ይናገራሉ። ድሪቶም መናገር ይችላል። በጆርጂያ በ1837 እ.ኤ.አ. በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በየክፍሉ እየለየች፣ ከጨርቅ ቆርጣ እየለጠፈች ሰፍታለች፤ ሥራዋም ዛሬ በስሚዝሶኒያን ይገኛል። በ44 ክፍል የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከውን የአገራችንን ሥዕል የሚያውቅ ሰው የእሷን ጨርቅ ሲያይ አይደናገረውም። የሐይቅ ወጣት ሰፊዎችም የሐይቁን ታንኳ፣ የግሸንን መስቀለኛ አምባ በእራፊ ቢያወጡት አሠራሩ በእናቶቻቸው እጅ አለ።

ዛሬ ድሪቶ እየቀነሰ ነው፣ ለዚህም ማዘን ብቻ አይገባም። በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካና ከውጭ የሚገባው ፖሊስተር ብርድ ልብስ ብዙ ቤት ከብርድ አውጥተዋል። ሦስት ሌሊት ሰፍታ በጨረሰችው ድሪቶ ልጆቿን ከምትሸፍን ይልቅ በአንድ ቀን ገዝታ የምታለብስ እናት ተጠቅማለች። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ ከችግሩ ጋር አብሮ እንዲጠፋ መደረጉ ነው። ችግርም ቢሆን ገና አልሄደም። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ሐይቅንና ውጫሌን ሲያዳርስ ብዙ ቤት የሚለብሰውን ሳይቀር አጥቷል፤ በሐይቅ አቅራቢያ በጃሪ መጠለያ የተፈናቀሉ ሰዎች ኖረዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከቡትቶ ሙቀት ማውጣት የሚችል እጅ ዋጋው ይታወቃል።

በዚያው ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ሙዚየሙ እንደገና ሲሞላ የነገሥታት ጋሻና ጎራዴ ብቻ እንዲገባበት መፍረድ አያስፈልግም፤ ከአምባሰልና ከሐይቅ ጥቂት ጥሩ ድሪቶዎች ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ያስተምራል። ተማሪዎቹ በእረፍት ጊዜያቸው ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የአያቶቻቸውን ድሪቶ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ቢያነሱ፣ ስንት ድርብ እንደሆነ ቢቆጥሩ፣ የስፌቱን መስመር ርቀት ቢለኩ፣ እያንዳንዱ እራፊ የማን ልብስ እንደነበር ጠይቀው ቢጽፉ በአንድ ክረምት ትልቅ መዝገብ ይወጣል። ይህ የውጭ ተመራማሪ የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም፤ ጥያቄውን በአግባቡ የሚጠይቀው የቤቱ ልጅ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እነዚህ ድሪቶዎች ዛሬም ሰው የሚተኛባቸው ናቸው። ለሙዚየም የሚፈልጋቸው ሰው በአግባቡ ዋጋ ከፍሎ፣ የሰፋችውን እናት ስም በፈቃዷ መዝግቦ፣ በምትኩም ደህና ብርድ ልብስ ሰጥቶ መውሰድ ይኖርበታል፤ ይህም የጥቅምት ውርጭ ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት።